ስሙ አንድ፣ ደረጃው ለየቅል

ልጄ፣ ወይን ጠጅ መሸጫ ሥራ መጀመርሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ከፈረንሳዩ ቡርጎኝ የሚመጣው ጠርሙስ ግን ግራ እንዳጋባሽ አብራ ነገረችኝ። በአንዱ ላይ ያነበብሽው የማሳ ስም በሌላውም ላይ ይገኛል፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አይድነቅሽ። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የቡርጎኝን ማሳ ስም ያወጣው ግን ገበሬው ነው፤ ደረጃውን የሰጠው ደግሞ ብዙ ዘመን ቆይቶ የመጣ ሕግ ነው። የስሙና የደረጃው ድንበር የማይገጥመው ለዚህ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመሬቱ ልጀምርልሽ። ኮት ዶር በቡርጎኝ ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረጅም ተዳፋት ነው። ከላይ፣ ጫካው ሥር፣ አፈሩ ስስ ነው፤ ብርዱም ይበረታል። ከታች ሜዳው ላይ አፈሩ ጥልቅ ነው፤ ውኃም ይተኛበታል። ወገቡ ላይ ግን የዝናቡ ውኃ ሳይተኛ ያልፋል፣ የኖራ ድንጋዩ ለወይኑ ሥር ቅርብ ነው፣ የጠዋት ፀሐይም ያገኘዋል። ምርጡ ወይን የሚመጣው ከዚህ ወገብ ነው። ድሮ ስም ሲወጣ ግን ይህን ልክ የጠበቀ አልነበረም፤ አንድ ስም ከወገቡ ተነስቶ እስከ ጫካው ድረስ ሊወጣ ይችላል። ዶክተር ዡል ላቫል ማሳዎቹን በደረጃ የለየበትን መጽሐፍ ያሳተመው በፈረንጆቹ 1855 ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ዛሬ የሚሠራበትን የወይን ጠጅ የትውልድ ስም ሥርዓት በሕግ የመሠረተው በ1935፣ ፕሬሚዬ ክሩ የሚባለው ደረጃ የተጨመረው ደግሞ በ1943 ነው። ያን ጊዜ ስሞቹ አርጅተው ነበር።

ደረጃዎቹ አራት ናቸው። ከታች የክልሉ፣ ቀጥሎ የመንደሩ፣ ከዚያ ፕሬሚዬ ክሩ፣ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ። ግራን ክሩ በጠቅላላው 33 ብቻ ነው።

አሁን ሞሬ-ሳን-ደኒ ወደምትባለው መንደር ልውሰድሽ። እዚያ ሞን ሊዊዛን የሚባል ማሳ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ እሱን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። የታችኛው ክፍሉ ክሎ ደ ላ ሮሽ ከሚባለው ግራን ክሩ ጋር ተጠቃሏል። ከፍ ሲል ፕሬሚዬ ክሩ ይሆናል። ጫፉ ላይ ሲደርስ የመንደር ወይን ብቻ ነው። አንድ ስም፣ ሦስት ደረጃ! ማሕፀን ዥንጉርጉር ነው የሚሉት አበው የአንድ እናት ልጆችን እያዩ ነበር፤ ይህ ማሳም እንዲያው ነው። ግን ልብ በይ፦ የታችኛው ክፍል ወይን ክሎ ደ ላ ሮሽ ተብሎ ስለሚሸጥ የራሱ ስም ጠርሙሱ ላይ የለም። ስለዚህ ሞን ሊዊዛን የሚል ጠርሙስ እጅሽ ሲገባ ከማሳው ሁለት የላይኛ ክፍሎች ከአንዱ የመጣ ነው፤ ፕሬሚዬ ክሩ የሚለው ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ፈልጊ። እኔ በዚህ ማሳ ላይ የምቆጭለት ነገር ቢኖር፣ ምርጡ ክፍል ስሙን ለጎረቤቱ መስጠቱ ነው።

በአሎስ-ኮርቶን መንደር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሌ ማሬሾድ የሚባለው ማሳ የላይኛው ክፍል ግራን ክሩ ነው፤ ወይኑም ኮርቶን ሌ ማሬሾድ ተብሎ ይወጣል። የታችኛው ፕሬሚዬ ክሩ ሆኖ አሎስ-ኮርቶን ፕሬሚዬ ክሩ ሌ ማሬሾድ ይባላል። እዚህ ስሙ በሁለቱም ጠርሙስ ላይ ጎልቶ ተጽፏል፤ የሚለያቸው ከስሙ በፊት ያለው ነው። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ማሬሾድን አይቶ ቀሪውን ይረሳል።

አንድ ስም በተለያዩ መንደሮች መገኘቱም አለ። ላ ሮማኔ በቮን-ሮማኔ አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ግራን ክሩ ነው። በሻሳኝ-ሞንራሼ ላ ሮማኔ ፕሬሚዬ ክሩ ነው፤ በዠቭሬ-ሻምበርታንም እንዲሁ። በስም ብቻ የተገናኙ ናቸው። ሌ ብሬሳንድም በኮርቶን ኮረብታ ላይ ግራን ክሩ፣ ከቦን ከተማ በላይ ግን ፕሬሚዬ ክሩ ነው።

መንደሮቹም ቢሆኑ ከታዋቂ ማሳቸው ስም ተበድረዋል። ዠቭሬ በ1847 ሻምበርታንን በስሟ ላይ ጨመረች፤ ፒሊኒና ሻሳኝ ሁለቱም በ1879 ሞንራሼን ወሰዱ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ገበያም ላይ ይውላል። ዠቭሬ-ሻምበርታን የሚል ወረቀት ያየ ደንበኛ ሻምበርታንን ያገኘ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን የመንደሩን ወይን ነው። ግራን ክሩው ሻምበርታን፣ ሻምበርታን ብቻ ተብሎ ይጻፋል።

ይህን ሰምተሽ ደረጃን ብቻ ወደ ማምለክ እንዳትሄጂ ግን እሰጋለሁ። ክሎ ደ ቩዦን ተመልከቺ። የሲቶ ገዳም መነኮሳት በግንብ ያጠሩት 50 ሄክታር ያህል መሬት ነው፤ ግንቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ግራን ክሩ ተባለ። ከላይ፣ ግንቡ ውስጥ ካለው ትልቅ ሕንፃ አጠገብ፣ ያለው መሬት ያማረ ነው፤ ከታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ ያለው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ውኃ ይይዛል። ባለቤቶቹም ከ80 በላይ ናቸው፤ አንዱ ይተጋል፣ ሌላው ይሰንፋል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለው ተግሣጽ ለባለ ግራን ክሩውም ይሠራል። ከሞን ሊዊዛን ጫፍ የመንደር ወይን የሚያወጣ ትጉህ ገበሬ፣ ከክሎ ደ ቩዦ ሥር ከተኛ ሰነፍ ሊበልጥ እንደሚችል አትጠራጠሪ።

ስለዚህ ጠርሙሱን ስታነሺ መጀመሪያ የመንደሩን ወይም የግራን ክሩውን ስም፣ ቀጥሎ ደረጃውን፣ ከዚያ የማሳውን ስም፣ በመጨረሻ ያመረተውን ሰው አንብቢ። ያልተረዳሽው ካለ ካርታ ላይ ማሳውን ፈልጊ፤ ከተዳፋቱ ከየት እንደሆነ ካወቅሽ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል። አንድ ሰው ለልጁ ሠርግ ሻምበርታን ፈልጎ ዠቭሬ-ሻምበርታንን አንስቶ ወደ ሒሳብ ቢመጣ ዝም ብለሽ ገንዘቡን አትቀበዪ። በትሕትና ልዩነቱን ንገሪው፤ ሁለቱንም አስቀምጪለት፤ ዋጋቸውንም አሳዪው። የመንደሩን ወይን ከመረጠ፣ በደንብ የሚሠራውን ገበሬ ስም ጠቁመሽ ሸኚው።