ለዙፋኑ የከፈለው ማነው?

«ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ማለትና «ይህ መሆኑ ተገቢ ነበር» ማለት ለየቅል ናቸው። ስለ ሞስኮ ዙፋን አነሣሥ የተጻፉትን ሳነብ ግን ሁለቱ ተደባልቀው አገኛቸዋለሁ፤ ነገሩም ይከነክነኛል።

የምክንያቱ ሰንሰለት የታወቀ ነው። የሞስኮው ልዑል ሣልሳዊ ኢቫን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1478 ኖቭጎሮድን ያዘ። የከተማይቱ ሸንጎ ይጠራበት የነበረውን ደወልም አስወርዶ ወደ ሞስኮ አስወሰደ። በተከታዮቹ ዓመታት የቦያሮቹን፣ ማለት የታላላቆቹን ባላባቶች ርስት፣ ከቤተ ክርስቲያን መሬትም ብዙውን ወርሶ ለፈረሰኛ ወታደሮቹ አደላቸው። ይህ መሬት «ፖሜስትዬ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ማደሪያ ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ያገለገለ ይበላዋል፣ ያላገለገለ ይነቀላል። ልዑሉ ጥሬ ገንዘብ ቢያጥረውም መሬት ሞልቶታል፤ የደቡቡ ድንበር ደግሞ ለታታር ፈረሰኞች የተከፈተ ነው።

ዳሩ ግን ሰው የሌለበት መሬት ደመወዝ አይሆንም። ገበሬው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ጌታ ዘንድ ካደረ ወታደሩ ፈረሱን በምን ይገዛል? ስለዚህ በ1497 የወጣው የኢቫን ሕግ ገበሬ ጌታውን የሚለቅበትን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ አደረገው፦ በእነሱ ኖቬምበር 26 ቀን ከሚውለው የጊዮርጊስ በዓል በፊት አንድ ሳምንት፣ ከበዓሉ በኋላም አንድ ሳምንት። መከሩ ከገባ በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ሲለቅም ለኖረበት ቤት ይከፍላል። በሜዳ አገር አንድ ሩብል፣ በደን አገር ግማሽ ሩብል፤ አራት ዓመት የኖረ ሙሉውን፣ አንድ ዓመት የኖረ ሩቡን። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ጭካኔ አይታይበትም፤ ለሁለቱም ወገን ያሰበ፣ ዳኛ የመሰለ ሕግ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሁለቱ ሳምንታትም ቀሩ። (ሩሲያውያን ተስፋ ያደረጉት ነገር ከሽፎ ሲቀር እስከ ዛሬ «ይኸውልሽ አያቴ፣ የጊዮርጊስ ቀን» ይላሉ።) በ1649 የኮበለለ ገበሬ ያለ ጊዜ ገደብ እየተፈለገ እንዲመለስ ተደነገገ። ነፃ የወጣው በ1861 ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? አገሪቱ አንድ የሆነችው በዚህ ዋጋ ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ወደ ምዕራብ ተሻግረን ፖላንድን እንይ። ከኢቫን ሕግ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1496፣ የፒዮትርኮው ድንጋጌ ከአንድ መንደር በዓመት ከአንድ ገበሬ በላይ እንዳይለቅ ከለከለ። እዚያ ግን ሁሉን ጠቅልሎ የያዘ ንጉሥ አልነበረም፤ ሕጉን ያስወጡት ንጉሡን የሚያስገድዱ መኳንንት ናቸው። እህላቸውን በቪስቱላ ወንዝ ወደ ግዳንስክ ያወርዱ ነበርና የሚያርስ ጉልበት ፈለጉ። እንግዲህ ገበሬው በአንዱ አገር ዙፋኑ ስለ በረታ ታሰረ፣ በሌላው ዙፋኑ ስለ ደከመ ታሰረ። «አንድነት ግድ ብሎ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይቆምልኝም። በሁለቱም አገር መሬት የያዘው ሰው አራሽ አጥቷል፤ በሁለቱም ሕግ የሚያወጣለት አላጣም።

ይህን ስል ለኖቭጎሮድ ሸንጎ እያለቀስኩ አይደለም። በደወሉ ይሰበሰብ የነበረው ጉባኤ ከቦያሮቹ እጅ የወጣ አልነበረም። ደወሉ ሞስኮ ሲደርስ ለገበሬው የተለወጠው የጌታው ስም ነው፤ ሁለቱ ሳምንታት የመጡት ከ19 ዓመት በኋላ ነው።