ገጻችሁ አይዋሽ

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ምግብ ቤትና ግሮሰሪ የከፈታችሁ ልጆቼ፣ የምነግራችሁ የሚያስደስት ባይሆንም ስሙኝ። ከሌሊት ጀምራችሁ ስትለፉ፣ ለቤት ኪራዩ ስትጨነቁ አያለሁ። ያን ሁሉ ድካም ጉግል ላይ ባለው የንግድ ገጻችሁ በምትጽፉት ውሸት ስታረክሱት ዝም ካልኩ፣ ሽማግሌነቴ ለምን ይጠቅማል?

ዛሬ እንግዳ ቤታችሁን የሚያገኘው በስልኩ ፈልጎ ነው። ደጃችሁን ሳይረግጥ ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የሥራ ሰዓታችሁንና ደንበኞች የሰጧችሁን ኮከብ ያያል። እዚያ ያሰፈራችሁት ሁሉ ቃላችሁ ነው። ፊት ለፊት ቆማችሁ ለመናገር የምታፍሩበትን ነገር በስልክ መጻፉ ኃጢአቱን አያቀለውም።

አንዳንዶቻችሁ ዘመድ አዝማዱን፣ አገር ቤት ያለውን ሳይቀር፣ እየለመናችሁ አምስት ኮከብ ታሰጣላችሁ። ክትፏችሁን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ስለ ክትፏችሁ ይመሰክራል! ይህ የሐሰት ምስክርነት ነው። በዚህ አገር ሕግም ያስጠይቃል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መጻፍን፣ መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል፤ አውቆ ለጣሰ ሰው ቅጣቱ በአንድ ጥፋት ከ50 ሺህ ዶላር ሊበልጥ ይችላል። «አምስት ኮከብ ስጡን፣ ቡናው በነጻ ነው» ማለትም ጉግል የከለከለው ነው። ጎረቤቱ ላይ በተደበቀ ስም አንድ ኮከብ የሚጽፍ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ የወንድሙን ልጆች ጉሮሮ ይዘጋልና።

በዚህ ብቻ ባበቃ! ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበትን እንጀራ «ንጹሕ ጤፍ፣ ግሉተን የለበትም» ብላችሁ የምትጽፉ አላችሁ። ሲሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበትን ሰው በስንዴና በገብስ ያለው ግሉተን አንጀቱን ይጎዳዋል። ያ ሰው እናንተን አምኖ ይበላል፤ ቤቱ ገብቶ ይታመማል። «የጾም ምግብ አለን» ብላችሁ ሽሮው ላይ ቅቤ ጠብ የምታደርጉስ፣ ጿሚውን ሳያውቅ ስታስገድፉት ለማን መልስ ልትሰጡ ነው?

ስማችሁንም አታብዙት። በበራችሁ ላይ የተጻፈው አንድ ስም ሆኖ ሳለ፣ ፍለጋ ላይ ቀድሞ ለመውጣት «ምርጥ የኢትዮጵያ ምግብ፣ ርካሽ፣ ዴሊቨሪ» እያላችሁ በስማችሁ ላይ መቀጠላችሁ የጉግልን ደንብ መጣስ ነው፤ ገጹንም ሊያሳግድ ይችላል። ጉግል ቤቶችን በቅደም ተከተል የሚያወጣው ከተፈለገው ነገር ጋር ባላቸው ተዛማጅነት፣ በርቀታቸውና በታዋቂነታቸው ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ደረጃ እንደማያሻሽል ራሱ ይናገራል። ስለዚህ «ከፍለህ አንደኛ ላውጣህ» እያለ የሚደውልላችሁን አትስሙት፤ ገጹ በነጻ የሚገኝ ነው።

ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። ገና በጃንዋሪ 7 ሲውል በራችሁን ዘግታችሁ ገጹን «ክፍት ነው» እንዳለ ትተዉታላችሁ። እናት ልጆቿን ጭና፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድታ መጥታ ከተቆለፈ በር ትቆማለች። ለበዓል ቀን የተለየ ሰዓት መሙላት ደቂቃ አይፈጅም። የገጹ ባለቤትነትም በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን፤ ገጹን የምታሠሩትን ልጅ አስተዳዳሪ ብቻ አድርጉት። ስማችሁን ለሌላ አሳልፋችሁ ሰጥታችሁ ኋላ «ተቀማሁ» ብትሉ ማን ይሰማችኋል?

እውነተኛ ቅሬታ ሲጻፍባችሁም አትሳደቡ። ወጡ ቀዝቅዞ ከነበረ «ልክ ነዎት፣ ይቅርታ» በሉ፤ ወጡንም አሙቁ።

«ሁሉም ያደርገዋል» አትበሉኝ። ሁሉም ቢያደርገው የሚጠፋው የእናንተ ቤት ብቻ አይሆንም፤ የሐበሻ ምግብ ቤት ስሙ በጅምላ ይጠፋል፣ በሐቅ የሚሠራውም አብሮ ይታማል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ዛሬ ማታ ሒሳባችሁን ስትዘጉ ገጻችሁን ክፈቱ። የተበደራችሁትን ኮከብ አስነሡ፤ ያልሆነውን ሰርዙ፤ ሰዓቱን አስተካክሉ። በሐሰት ከሚመጣ መቶ እንግዳ በእውነት የሚመጣ አንድ ይበቃችኋል።