የእናቶቻችን እንዶድና የምርመራ ሚዛን

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ላደገ ሰው የእንዶድ አረፋ እንግዳ አይደለም። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ይበጠበጣል፤ ነጠላውና ጋቢው በወንዝ ዳር ይታጠብበታል። ሳሙና በየገበያው ከመድረሱ በፊት የደገኛውን ልብስ ሲያነጣ የኖረው ይህ ቍጥቋጦ ነው። ዛሬ ከእርሱ ተነሥተን አንድ የሕሊና ጥያቄ ልንመለከት እንወዳለን። አባቶችና እናቶች በልማድ ያወቁትን ነገር ሊቃውንት በቤተ ሙከራ እንደገና ይመርምሩት ማለት ተገቢ ነውን? ወይስ የወገንን ዕውቀት መናቅ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በሚወርደው ውኃ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የቢልሃርዚያ ትል ዕንቍላል ከበሽተኛው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ከተፈለፈለም በኋላ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውኃው የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ሊቃውንት የበሽታን ጕዞ ደረጃ በደረጃ የሚከታተሉት በየት በኩል ሊመታ እንደሚችል ለማወቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ግኝት እስከ ሕዝብ አገልግሎት ያለው መንገድ ረጅም ሆነ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው፥ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ምርምሩን ቀጠለ። በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተደረገው ሙከራ በሕፃናት ላይ የታየው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የተሻለውን የእንዶድ ዘር መርጠው አራቡ። የውጭ አገር ድርጅቶች ግን በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን ውጤት ለመቀበል ዘገዩ፤ የመርዛማነቱም ምርመራ በሌላ አገር እንደገና ይደረግ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ፥ እንዶድ በአሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለዛጎል ፍጥረታትን እንደሚገድል በታወቀ ጊዜ፥ አክሊሉ ራሳቸው በሥራው ቢሳተፉበትም የፈጠራ ባለመብት የሆነው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋልና እንለያቸው። ምርመራን መጠየቅ በራሱ ክፉ አይደለም። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል፤ ሰውም ቢጠጣው ይመርዘዋል። የኮሶ ትልን የሚያስወጣው የደጋው ኮሶም ከልክ ሲያልፍ የዓይንን ብርሃን እንደሚጎዳ ሐኪሞች መዝግበዋል። ልማድ የሚያስታውሰው የዳኑትን ነው፤ የሞቱት አይመሰክሩም። መርማሪ ግን ሁለቱንም ይቈጥራል። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት አስቀድሞ በቤተ ሙከራ፥ ቀጥሎ በእንስሳት ላይ ይፈተናል፤ ወደ ሰው የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። የእንስሳትም ሥቃይ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2417 እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅደው ተገቢውን ወሰን እስከ ጠበቀና የሰውን ሕይወት ለመንከባከብ ወይም ለማዳን እስከ ረዳ ድረስ ነው። ይህ ሁሉ ቢቀር ግን የመጀመሪያው መፈተኛ ድኻው በሽተኛ ይሆናል።

ክፉው ነገር ሚዛኑ ሁለት ሲሆን ነው። የድኻ አገር ሊቅ ያቀረበው ማስረጃ በአገሩ ልጆች ሲያገለግል ይጠረጠራል፤ የባለጠጋ አገር ቧንቧ ሲከፍት ግን ፈጥኖ ይመዘገባል። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራልና። የአድዋ ሴቶች ልብስ ባያጥቡ ኖሮ ሊቁ የሚያየው ነገር ባልነበረ፤ የእነርሱ ስም ግን በሽልማቱ ላይ የለም። ዕውቀትን የሰጠ ሰው ከፍሬው ሊካፈል ይገባዋል፤ ይህ ምጽዋት ሳይሆን ፍትሕ ነው።

ካቴኪስቶች ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ከእናንተ ደጅ የራቀ አይምሰላችሁ። በእብድ ውሻ ለተነከሰ ልጅ ወላጆቹ የእንዶድ ሥር ሊያጠጡ ሲነሡ ብታገኙ አትሣቁባቸው፤ ዝምም አትበሉ። የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን መርዙ ልጁን ሊገድል ይችላል፥ የእብድ ውሻውንም በሽታ አያስቀርም። ቍስሉን በውኃና በሳሙና ደጋግመው እንዲያጥቡ፥ ሳይውሉ ሳያድሩም ክትባት ወደሚገኝበት የጤና ተቋም እንዲወስዱት ምከሩ፤ ቢቻላችሁም አብራችሁ ሂዱ። የእናቶቻችንን ዕውቀት የምናከብረው ሁሉን እንዲሁ በመቀበል አይደለም። የሚያድነውን ከሚገድለው በጥንቃቄ ስንለይ፥ የተገኘውንም በረከት ለእነርሱና ለልጆቻቸው ስንመልስ በእውነት አከበርናቸው።