ለሴት ልጃችን የምንመርጠው ትምህርት ቤት



በየዓመቱ የምዝገባ ወራት ሲቃረብ፥ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦችን አንድ ጥያቄ ያሳስባቸዋል፤ «ሴት ልጃችንን የት እናስተምር?» የሚል። አንዳንዱ ያማርጣል፤ ሌላው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለግል ትምህርት ቤት ይከፍላል። እንደ ናዝሬት ባሉ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ቦታ ለማግኘት ደጅ የሚጠናም አለ። ይህ ድካም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከመምረጣችን በፊት ለምን እንደምንመርጥ ልባችንን ልንመረምር ይገባናል።

አንዳንዶቻችን የሴቶች ብቻ የሆነውን ትምህርት ቤት የምንሻው ከፍርሃት የተነሣ ነው። ከፍ ያለ አጥርና ዘበኛ የቆመበት በር ልጃችንን ከከተማው ክፉ ነገር ይጠብቅልናል እንላለን። ልጅን መጠበቅ በእርግጥ የወላጅ ግዴታ ነው። ሆኖም ጌታችን በመክሊቱ ምሳሌ የነገረንን አገልጋይ እናስታውስ። የተቀበለውን አንድ መክሊት አልሰረቀም፥ አላባከነም፤ ፈርቶ ቀበረው እንጂ። የተወቀሰውም በዚሁ ነው። ሴት ልጅም ተሸሽጋ የምትቀመጥ ዕቃ ሳትሆን፥ ታፈራ ዘንድ በአደራ የተሰጠችን ነፍስ ናት።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ስንጎበኝ አጥሩን ብቻ አንይ። በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንደሚማሩ፥ መምህራኑ የሚሰነብቱ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡ መሆናቸውን እንጠይቅ። ትምህርት የከበዳትን እንዴት እንደሚረዱ፥ ያጠፋችውንም እንዴት እንደሚያርሙ እንስማ። ሒሳብና ሳይንስን ከልብ ያስተምራሉን? ወይስ ለሴት ልጅ ጨዋነት ይበቃታል ይላሉ? እንግሊዝኛ ይጠቅማታል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ማንበብና መጻፍ ካልቻለች ግን ትምህርቷ ጎዶሎ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ፥ በሩ የሚዘጋ፥ ውኃም ያለው መሆኑን ማየት አያሳፍረን፤ ልጃገረዶች አካለ መጠን ሲደርሱ ከትምህርት ገበታ ከሚያስቀሯቸው ምክንያቶች አንዱ የዚህ መጓደል ነውና።

ግንብ የሚሠራ ብልህ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ያሰላል። እኛም ወርኃዊውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን መመዝገቢያውን፥ የደንብ ልብሱን፥ መጻሕፍቱንና መጓጓዣውን እንቁጠር። ለጎረቤት ዓይን ብለን ዕዳ ብንገባ ቤታችን ሰላም ያጣል፤ ልጂቱም የጠባችን ምክንያት እርሷ የሆነች ይመስላታል። ለመክፈል የማይቻለው ወላጅ አይፈር። በመንግሥት ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ፥ ማታ ደብተሯን የሚያይላት አባት ካላት የተጣለች አይደለችም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፥ የልጆች የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስገንዝቧል። ትምህርት ቤት ያግዘናል እንጂ አይተካንም። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክራል። እንግዲህ በውድ ትምህርት ቤት የዋለች ልጅ ወደ ቤት ስትመለስ፥ ወንድሟ ለጥናት ሲቀመጥ እርሷ ወደ ጓዳ የምትላክ ከሆነ፥ ቀን የከፈልንላትን ማታ እንነጥቃታለን። የቤቱ ሥራ የሁለቱም ይሁን፤ ጥናቱም የሁለቱም።

እንግዲህ ከምዝገባው አስቀድመን በቤታችን አብረን እንጸልይ፤ ልጂቱንም ራሷን እንስማት። ሕፃኑን ኢየሱስን በናዝሬት ያሳደጉ እመቤታችን ድንግል ማርያምና ቅዱስ ዮሴፍ በአማላጅነታቸው ይርዱን። አሜን።