ዕዳችሁን ምጽዋት አታድርጉት

ሳትከፍሉ የሰው ዘፈን የምታጫውቱ የሆቴልና የምሽት ክበብ ባለቤቶች፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ኃላፊዎች፣ ስሙኝ! የመብራቱን ትከፍላላችሁ፤ የቤት ኪራዩን ትከፍላላችሁ፤ ድምፅ ማጉያውንም በገንዘባችሁ ገዝታችኋል። ግጥሙን እየሰረዘና እየደለዘ ለጻፈው፣ ዜማውን ሲያንጎራጉር ላነጋው ሰው ግን ሰባራ ሳንቲም አልሰጣችሁም። ይህ ስርቆት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

«ሕጉን አላወቅንም» አትበሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሥራውን ለሕዝብ ማሰማት የደራሲው መብት ነው፤ ዕድሜ ልኩንና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከፈተ። ያጫወተ ይመዘግባል፣ ይከፍላል፤ ማኅበሩ ለየባለመብቱ ያከፋፍላል። እ.ኤ.አ. በ1847 ፓሪስ ውስጥ አንድ የዘፈን ደራሲ ካፌ ገብቶ የራሱን ሥራ ሲጫወቱት ቢሰማ «ካልከፈላችሁኝ የጠጣሁበትን አልከፍልም» ብሎ ተሟገተ፤ ተፈረደለትም። በ1851 ፈረንሳዮች ማኅበራቸውን አቋቋሙ። እኛ ዘንድ ዛሬም «እያስተዋወቅነው ነው» ይባላል። በምን አስተዋወቃችሁት? የድምፃዊውን ስም ጠርታችሁ ታልፋላችሁ እንጂ ግጥምና ዜማው የማን እንደሆነ መቼ ተናገራችሁ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ መጨረሻው ነው። ደራሲው ያረጃል፤ ይታመማል፤ ለሕክምና የሚከፍለው ያጣል። ያን ጊዜ ዘፈኑን ሃያ ዓመት በነፃ ያጫወታችሁ እናንተ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን እያነበባችሁ «ወገን ድረስለት» ትላላችሁ። ከጀርባ የምታሰሙት ዘፈን የእሱ ነው፤ ያንንም አልከፈላችሁበትም! የእናንተን ዕዳ የቀን ሠራተኛው ከጉርሱ ቀንሶ እንዲከፍል ትለምናላችሁ። ልጆቹ የአባታቸው ፎቶ ተለጥፎ ሲለመንበት ያያሉ። ባለመብቱን ለማኝ፣ ባለዕዳውን ደግ አድርጋችሁ አቀረባችሁ። ፈጣሪን አትፈሩምን?

ንስሐ በከንፈር አይሆንም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ የተቀበለ ዕለት የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ከእናንተ አራት እጥፍ የጠየቀ የለም። ዛሬ ማታ የምታጫውቱትን መዝግቡ፤ የደራሲውን ስም ጥሩ፤ ድርሻውን በእግሩ ቆሞ ሳለ በእጁ ስጡት። ተመለሱ!