ድንኳን የበላው ሻጋታ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በደቡብ ፓስፊክ የሰፈረው የአሜሪካ ጦር ድንኳኑ በላዩ ላይ እየሻገተ ይበጣጠስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ቡገንቪል ደሴት ላይ ከበሰበሰ የጥጥ ሸራ አንድ ሻጋታ ተለይቶ ለምርመራ ተያዘ። የተፈለገው ማጥፊያው ነበር። የጦሩ ተመራማሪዎች ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንደልስ ግን አጥፊው ራሱ እንደሚጠቅም አዩ፤ ሻጋታው የጥጥና የጭድ ዋና አካል የሆነውን ሴሉሎስ ሰባብረው ስኳር የሚያደርጉ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። በ1977 በሪስ ስም ትራይኮደርማ ሪሴ ተባለ።

ችሎታው ቢኖረውም ቆጣቢ ነው። ግሉኮስ ካገኘ ኢንዛይም ማምረቱን ይተዋል። በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሞንተንኮርትና ኤቭሊ ሻጋታውን በአልትራቫዮሌት ጨረርና በኬሚካል ደጋግመው ለውጠው፣ ስኳር እያለም የማያቆመውን ሩት-ሲ30 የተባለ ዝርያ አገኙ። ኋላ ሲመረመር፣ ምርቱን የሚገታው ክሬ1 የተባለው ዘረመል ተቆርጦ ተገኘ። ዛሬ ሊቃውንቱ ዕድል አይጠብቁም፤ የፈለጉትን ዘረመል ራሳቸው ያነሳሉ፣ ከሌላ ሻጋታም ያስገባሉ። ምርጥ የሚባሉት የፋብሪካ ዝርያዎች በአንድ ሊትር እስከ 100 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ይህን ለሰሜን ሸዋ አንባቢ የማነሳው በምክንያት ነው። ጠላ የምትጠምቅ እናት ብቅል ስትጨምር ኢንዛይም እያሠራች ነው፤ የእህሉ ስታርች ስኳር የሚሆነው በእሱ ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ የገብስ ጭድ ክምር ሲነሳ፣ ዝናብ የገባበት የታችኛው ክፍል ተጣብቆ፣ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ ለብሶ ይወጣል። ከብት ስለማይበላው ይጣላል። እዚያ ውስጥ ያለው ሻጋታም ሥራው ያው ጭድ ማፍረስ ነው።

ነገሩን ግን ማቅለል አይገባም። ጭዱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ ጠንካራ ነገር ሴሉሎሱን ስለሚሸፍነው፣ ኢንዛይሙ እንዲደርስበት አስቀድሞ በሙቀት ወይም በኬሚካል መታከም አለበት። ኢንዛይሙ ራሱ ደህና የሚሠራው 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህ በደብረ ብርሃን ብርድ ማገዶ ይጠይቃል። ከጭዱ ስኳር ነዳጅ ማውጣትም በሀብታም አገር እንኳ ውድ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ በእኔ እምነት መጀመር ያለብን ከመኖ ነው። ገብስ በዶሮ አንጀት ውስጥ ያለውን ምግብ የሚያዝለገልግ ቤታ-ግሉካን አለው፤ ይህን የሚሰብሩ የሻጋታ ኢንዛይሞች በሌላው ዓለም ከዶሮ መኖ ጋር መቀላቀል ከጀመሩ ቆይተዋል።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የግብርና ምርምር ማዕከሉ መምህራንና ተመራማሪዎች ሆይ፦ ቡገንቪል ላይ የበሰበሰው ሸራ ተጥሎ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልተገኘ ነበር። የክምሩ ሥር ሳይጣል ናሙና ውሰዱ፤ ያገኛችሁትንም ሻጋታ ለይታችሁ በስሙና በቦታው መዝግባችሁ አስቀምጡት።