ሽልማት የማን ምስክር ነው?

«ሸለመ» የሚለው የአማርኛ ግሥ ሁለት ፍቺዎችን አቅፎ ይዟል። አንደኛው ማስጌጥ ነው፤ ሙሽራ በጌጣጌጥ ትሸለማለች። ሁለተኛው ስለ ሥራ ክብር መስጠት ነው፤ ጀግና በአደባባይ ይሸለማል። ሁለቱ ፍቺዎች ቢዛመዱም አንድ አይደሉም። ጌጥ የሌለውን ውበት እንዳለ ሊያስመስል ይችላል፤ ክብር ግን ሐሰት ካልሆነ በቀር ያለውን ከመመስከር አያልፍም። ስለዚህ ሽልማት በሁለተኛው ፍቺው የምስክርነት ቃል ነው፤ «ይህ ሥራ መልካም ነው» ብሎ በሕዝብ ፊት ቃል መስጠት ነው። እንግዲህ ምስክሩን ለማግባባት ገንዘብ የፈሰሰ እንደሆነ ምስክርነቱ ምን ዋጋ ይኖረዋል? የሚሸለመውስ ሥራ የሌላውን ሰው ሕይወት፣ ድምፅና ሥቃይ ተውሶ የተሠራ ሲሆን ክብሩ የሚገባው ለማን ነው?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተጣምረው የሚገኙት በአሜሪካ የፊልም ሽልማት ወቅት፣ በተለይም የሙዚቀኞችን ሕይወት በሚተርኩ ፊልሞች ዙሪያ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦስካር የተባለውን ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ የተቋቋመው በ1927 ሲሆን የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በ1929 ነው። ድምፅ የሚሰጡት አባላት ዛሬ ወደ 10 ሺህ ይጠጋሉ፤ ሁሉም የሙያው ሰዎች ናቸው። ተዋናይን ለእጩነት የሚያቀርቡት ተዋንያን፣ የፊልም አቀናባሪን የሚያቀርቡት አቀናባሪዎች ናቸው። ድምፁም በምሥጢር ይሰጣል። ከላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ የዳኝነት ሥርዓት ማግኘት አስቸጋሪ ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ ለውድድር የሚበቁት ፊልሞች በመቶ የሚቆጠሩ ስለሆኑ አንድ ዳኛ ሁሉንም ተመልክቶ ሊጨርስ አይችልም። የዳኝነቱ ዕጣ የሚወሰነው እንግዲህ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ዳኛው የትኛውን ፊልም እንደሚያይ በሚመርጥበት ሰዓት ጭምር ነው። የሽልማት ቅስቀሳ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ቅስቀሳው በመከር ወራት ተጀምሮ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ይዘልቃል። በሙያ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ይወጣል። ለአባላት ብቻ ልዩ ትርኢት ይዘጋጃል፤ ከትርኢቱ በኋላ ተዋናዩና ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥተው ጥያቄ ይመልሳሉ፤ መስተንግዶም ይከተላል። ይህን ሁሉ የሚመሩ፣ ሥራቸው ቅስቀሳ ብቻ የሆነ አማካሪዎች ይቀጠራሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1955 ወጥቶ የምርጥ ፊልም ሽልማትን ያገኘው «ማርቲ» ለቅስቀሳው የወጣበት ገንዘብ ፊልሙ ከተሠራበት ወጪ እንደበለጠ ይነገርለታል። በ1999 «ሼክስፒር ኢን ላቭ» የስቲቨን ስፒልበርግን «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» በልጦ የምርጥ ፊልምነትን ሲወስድ፣ ሚራማክስ የተባለው ድርጅት ያካሄደው ብርቱ ቅስቀሳ ለተከታዮቹ ሁሉ አርአያ ሆነ። በ2018 እና 2019 ኔትፍሊክስ «ሮማ» ለተባለው ፊልም ቅስቀሳ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳወጣ ጋዜጦች ገምተዋል።

ይህ ጉቦ ነው ማለት አይቻልም። ለዳኛው በስውር የሚሰጠው ገንዘብ የለም፤ አካዳሚውም የቅስቀሳ ደንብ አውጥቷል፤ በ2023 ደንቡን ይበልጥ አጥብቆታል። ለነገሩ የሚቀርበው ስም በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት የታወቀው እጅ መንሻ ነው። ባለጉዳይ ወደ ሹም ሲቀርብ እጅ መንሻ መያዙ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። እጅ መንሻ ፍርድ ይገዛል ተብሎ አይታሰብም፤ የሚገዛው ጆሮ ነው። ይሁን እንጂ እጅ መንሻ የሌለው ድኻ ጉዳዩ ሳይሰማ ከደጅ ይመለስ ነበር። ለአንዱ የተከፈተው ጆሮ ለሌላው የተዘጋ ሲሆን፣ ፍርዱ ራሱ ምንም ያህል ቅን ቢሆን ዳኝነቱ ጎደሎ ነው። «ድምፅ አልተገዛም» የሚለው መከላከያ ስለዚህ ከግማሽ እውነት አይበልጥም። ያልታየ አይዳኝምና፣ ዓይንን የገዛ ሰው የዳኝነቱን በር ገዝቷል።

የሙዚቀኛ ሕይወት ታሪክ ፊልም ለዚህ ገበያ የተመቸ ነው። ሲሲ ስፔሴክ በ1980 ፊልም ሎሬታ ሊንን፣ ጄሚ ፎክስ በ2004 ሬይ ቻርልስን፣ ሪስ ዊዘርስፑን በ2005 ጁን ካርተርን፣ ማሪዮን ኮቲያር በ2007 ኤዲት ፒያፍን፣ ረኔ ዜልዌገር በ2019 ጁዲ ጋርላንድን ሆነው በመጫወታቸው ሁሉም የዋና ተዋናይነትን ሽልማት አግኝተዋል። አዘጋጆች ይህን ዝርዝር በቃላቸው ያውቁታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዳኛው ፊልሙን ከማየቱ በፊት ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ይወደዋልም። የመመሳሰሉ ችሎታ ዋናው ሰው በሕዝብ ዓይን የታወቀ በመሆኑ በቀላሉ ይለካል። የድህነት፣ የዝና፣ የውድቀትና የመነሣት ታሪክም ልብን ይነካል። አዲስ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ለተጫወተ ተዋናይ እነዚህ ሁሉ የሉትም፤ ከባዶ መነሣት አለበት። ስለዚህ የሙዚቀኛ ሕይወት ፊልም ወደ ቅስቀሳው ሲገባ አስቀድሞ የተጠራቀመ ሀብት ይዞ ይገባል፤ ያንን ሀብት ያጠራቀመው ግን ሌላ ሰው ነው።

«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ይህን አጉልቶ ያሳያል። በ2018 የወጣው ይህ ፊልም የኩዊን የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊ የነበረውን፣ በ1946 በዛንዚባር ተወልዶ በ1991 በኤድስ ሳቢያ የሞተውን የፍሬዲ ሜርኩሪን ሕይወት ይተርካል። ሐያስያን በሁለት ወገን ተከፈሉበት፤ ሕዝቡ ግን ጎረፈለትና ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በየካቲት 17 ቀን 2011 ዓ.ም. በተሰጠው ሽልማት አራት ኦስካር ወሰደ፤ አንዱን ያገኘው ራሚ ማሌክ ነው። የተዋናዩ ድካም የሚካድ አይደለም፤ አካሄዱን፣ አንገቱን፣ የእጁን እንቅስቃሴ ሳይቀር አጥንቶ ሠርቷል። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ዜማ በአብዛኛው የራሱ የሜርኩሪና እርሱን አስመስሎ የሚዘፍን ማርክ ማርቴል የተባለ ድምፃዊ ነው። ሎሬታ ሊንን የተጫወተችው ስፔሴክ በራሷ ድምፅ ዘፍና ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዳኝነቱ አልመዘነም።

ከዚህ የሚከብደው የእውነቱ ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቡድኑ ተበትኖ ለላይቭ ኤድ ትርኢት ሲል እንደገና ይገናኛል፤ ሜርኩሪም ሕመሙን ከትርኢቱ በፊት አውቆ ለጓደኞቹ ይነግራል። በእርግጥ ግን ቡድኑ በ1984 አልበም አውጥቶ እስከ 1985 ድረስ በየአገሩ እየተዘዋወረ ይጫወት ነበር፤ ሜርኩሪ ሕመሙን ያወቀው ከትርኢቱ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑን የቅርብ ሰው መስክሮለታል። የሟች ሕመም ከቦታው ተነሥቶ ለታሪኩ መደምደሚያ በሚመች ስፍራ ተተከለ ማለት ነው። ፊልሙ የተሠራው በቡድኑ ነባር አባላት በብራያን ሜይና በሮጀር ቴይለር ተሳትፎ ነው። ይህም የዘርፉን አንድ የታወቀ ችግር ያመለክታል። የዘፈኑ መብት ያለው ወገን ታሪኩ እንዴት እንደሚነገር የመወሰን ኃይል አለው። የጂሚ ሄንድሪክስን ሕይወት የተረከው የ2013 ፊልም የዘፈኖቹ ባለመብቶች ስላልፈቀዱ ያለ ሄንድሪክስ ዘፈኖች መሠራት ግድ ሆኖበታል። በዚያው በ2019 የምርጥ ፊልም ሽልማትን የወሰደው «ግሪን ቡክ» ደግሞ የፒያኖ ተጫዋቹን የዶን ሸርሊን ጉዞ የሚያሳየው በሾፌሩ ዓይን ነው፤ ከጽሑፉ ደራስያን አንዱ የሾፌሩ ልጅ ነው። የሸርሊ ቤተ ዘመዶች ሥዕሉ እርሱን አይመስልም ብለው በይፋ ተቃውመዋል። ሆኖም ተቃውሞ የማስታወቂያ ገጽ አይከራይም፤ ግብዣም አይጠራም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። የ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» መደምደሚያ የሆነው ትርኢት ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሌይ የተደረገው ላይቭ ኤድ ነው። ያ ትርኢት የተጠራው በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም አውራጃዎች ድርቅ፣ ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲ ተደራርበው ባስከተሉት ረኃብ ምክንያት ነበር። በዚያ ረኃብ ያለቀው ሕዝብ ከብዙ መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ባይታይ ኖሮ መድረኩም ባልተተከለ። በሽልማቱ ፊልም ውስጥ ግን ረኃቡ ምክንያት ከመሆን አልፎ ገጸ ባሕርይ አይሆንም፤ የኮረም ሕዝብ የሌላው ሰው ድል የሚደምቅበት መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። ፊልሙ ስለ ሜርኩሪ እንጂ ስለ ወሎ አይደለምና ይህን ብቻ ይዞ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ሊጤን የሚገባው ሌላ ነው። ምስጋናው በሽልማቱ መድረክ ላይ በየተራ ሲደርስ፣ ከሁሉ በፊት የተበደሩበት ሕዝብ በዕዳ መዝገቡ ላይ አይገኝም።

በዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ቅስቀሳ ባይኖር ትንሹ ፊልም ከቶ አይታይም ነበር የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ «ፓራሳይት» የተባለው የኮሪያ ፊልም በ2020 ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ የምርጥ ፊልም ሽልማትን ለማግኘት የመጀመሪያው የሆነው ዳይሬክተሩ ለወራት ከመድረክ መድረክ ከተንከራተተ በኋላ ነው። ይህ የሚያሳየው ግን መልካም ሥራም ቢሆን በሩን ለማለፍ መክፈል እንዳለበት ነው፤ የከፋዩ ደግነት የበሩን ክፍያ ትክክል አያደርገውም። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ድልን አያረጋግጥም የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። «ኤልቪስ» በስምንት፣ የሌናርድ በርንስታይንን ሕይወት የሚተርከው «ማይስትሮ» በሰባት፣ ስለ ቦብ ዲለን የተሠራው «ኤ ኮምፕሊት አንኖውን» በስምንት ዘርፍ ታጭተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ይሁን እንጂ እጩነት ራሱ የተመልካች ዓይን ነው፤ የቀሩት በመቶ የሚቆጠሩ ፊልሞች በዝርዝሩ ላይ ለመሸነፍ እንኳ ዕድል አላገኙም። ሦስተኛው፣ ኪነ ጥበብ የታሪክ መዝገብ አይደለም የሚለው ነው። ትክክል ነው። በ1984 የወጣውና ስምንት ኦስካር ያገኘው «አማዴውስ» በሞዛርትና በሳልዬሪ መካከል ያልነበረ ጠላትነት ፈጥሯል፤ ነገር ግን ተራኪው አእምሮው የታወከ ሽማግሌ መሆኑን አልደበቀም። ፈጠራ መፍጠሩን ሲናገር ኪነ ጥበብ ነው፤ «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ታርጋ ለጥፎ የዳኛን ልብ ሲለምን ግን የሐሰት ምስክር ይሆናል።

አካዳሚው በሚያዝያ 2025 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ አንድ አባል በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት በዘርፉ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት ግዴታው ሆኗል። መልካም እርምጃ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሳያዩ መፍረድ የተፈቀደ እንደነበረም ያስረዳል። ሆኖም ደንቡ የሚነካው የታጩትን ነው፤ ከእጩነት በፊት ያለው ደጅ እንደ ቀድሞው ነው።

ገንዘብን ከኪነ ጥበብ ዙሪያ ፈጽሞ ማራቅ የሚቻል አይመስልም። የሚቻለው ግን የዳኛን ግዴታ አስፍቶ ማየት ነው። ዳኛ ማለት በፊቱ የቀረበውን በቅንነት የሚመዝን ብቻ አይደለም፤ በፊቱ ያልቀረበው ለምን እንዳልቀረበ የሚጠይቅም ነው። ይህ ግዴታ የተማሪን ድርሰት በሚያርም መምህር፣ የኪነት ቡድኖችን በሚያወዳድር ኃላፊ፣ የባልደረባውን ሥራ በሚመዝን ሠዓሊ ላይም እኩል ይወድቃል። ሟች ስለ ራሱ አይቀሰቅስም፤ የተራበም ግብዣ አያዘጋጅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ንጋት ግን በራሱ ይመጣል፤ እውነት የሚጠራው አንድ ሰው በቦታው ተገኝቶ ስለ ሌለው ሰው ሲጠይቅ ነው።